የሰንበሌጥ ወንዝ ወፍጮ ድንጋይ

አፋፍ ማርያም፣ ታኅሣሥ ፫ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.

ለመምህርት ሄለን፣ አዲስ አበባ

ወፍጮዬን ሰርቃችሁ መቀመጫ አደረጋችሁት።

ሰላምታ መቅደም እንደነበረበት አውቃለሁ። ደብዳቤ አጻጻፍ ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴን ሳስተምር ግን መጀመሪያ ያጠናሁት የሰላምታውን ክፍል ነው። ዛሬ የተውኩት ሆነ ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለኅዳር ጽዮን በጉንደ ወይን በኩል ወደ መርጡለ ማርያም ሄጄ አምስት ቀን ቆየሁ። በተመለስኩ ማግስት እንደ ልማዴ ማልጄ ወደ ሰንበሌጥ ወንዝ ወረድኩ። የወፍጮ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የታችኛው ድንጋይ ብቻውን ተኝቷል፤ የላይኛው የለም። ወለሉ ላይ የገመድና የአጠና ፈለግ አለ። የስምንት ሰው ዱካ ቆጠርኩ። ዱካውን ተከትዬ ዳገቱን ወጣሁ። ድንጋዬን ያገኘሁት እናንተ «የእግር መንገዱ መነሻ» ባላችሁት ቦታ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ሦስት ጉልቻ ላይ ተቀምጦ ነው። ሁለት እንግዶች ተቀምጠውበት ሸንኮራ ይመጣሉ።

ከዚህ የከፋው ደግሞ በጀርባው ማስተኛታችሁ ነው። የወፍጮ ድንጋይ ፊቱ ሰማይ አያይም፤ የሚያየው የባልንጀራውን ፊት ብቻ ነው። አርባ ዘጠኝ ዓመት በመሮ የወቀርኩት ፊት አሁን ጤዛ ይጠጣል፣ የሸንኮራ ምጣጭ ይተፋበታል።

አጠገቡ የተከላችሁትን ሰሌዳም አንብቤያለሁ። «ይህ ወፍጮ በጣሊያን ጊዜ እንደተሠራ ይገመታል» ይላል። የሚገምተው ማን ነው? ወፍጮውን በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በሕይወትም አለሁ። ግምት ለሞተ ሰው ነው።

ለእንግዶች የእግር መንገድ ያወጣው ማኅበራችሁ በገዛ ራሱ ገደል ወርዶ ድንጋይ አይመርጥም። የሰጣችሁ ሰው አለ። ስሙን ጻፊልኝ። ድንጋዩንም ወደ ቦታው መልሱ።

አንቺ ያልኩሽ የልጅ ልጅ ቢኖረኝ በአንቺ ዕድሜ ይሆን ስለነበር ነው እንጂ ንቄሽ አይደለም። ስልክ አልይዝም፤ በስልክ የተባለ ነገር ማስረጃ የለውም። መልሱን በሚኒባስ ሾፌሩ በአንተነህ በኩል ላኪልኝ፤ ሉማሜ ላይ እቀበለዋለሁ።

ጀምበሩ እንዳላማው


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ጀምበሩ እንዳላማው

እርስዎ ሰላምታ ቢነፍጉኝም እኔ አልነፍግዎትም። እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎ እትዬ እቴናትስ እንደምን ናቸው? ሉማሜ ሳስተምር የላኩልኝን ማር እስካሁን አልረሳሁም።

ስለ ሰሌዳው ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። ለማኅበሩ ሰሌዳዎቹን የጻፍኩት ለትምህርት ወደዚህ ልመጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ፣ በጥድፊያ ነው። ቆላ ወርጄ እርስዎን መጠየቅ ሲገባኝ ከተማ ተቀምጬ የሰማሁትን ጻፍኩ። ያፍራል ሰው፤ እኔም አፍሬያለሁ። ድንጋዩን በጀርባው ያስተኛሁትም እኔ ነኝ። የተወቀረው ፊት እንደ አበባ የተዘረጋ ሆኖ ስለታየኝ ሰው ይየው ብዬ ነው። እንደማይሆን አላወቅኩም። ዛሬውኑ ደውዬ እንዲገለብጡት ነግሬያቸዋለሁ።

ስለ ሰጪው ግን ይቅር ይበሉኝ። ድንጋዩን የወሰድነው ተሰጥቶን ነው። የሰጠን ሰው የመስጠት መብት አለው ብለን ለማመን በቂ ምክንያት ነበረን። ስሙን እንዳልናገር በእመቤታችን አስምሎኛል፤ ምያለሁም።

ሰሌዳዎቹ ሁሉ እንደ አዲስ ይጻፋሉ። ለዚያ እንዲረዱኝ አሥራ አንድ ጥያቄ በሌላ ወረቀት አያይዣለሁ። ከተቆጡ በኋላ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ሳይቆጡ ቢመልሱልኝ ደግሞ የበለጠ።

አክባሪዎ
ሄለን ተስፋዓለም


አፋፍ ማርያም፣ ታኅሣሥ ፳፮ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.

ለመምህርት ሄለን

እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እቴናትም ደህና ናት። ሰላምታሽን ሳነብላት «ልጅቱ ጨዋ ናት፤ አታስጨንቃት» አለችኝ።

ስም አልናገርም ማለትሽን አልወደድኩትም። መሐላ መጠበቅሽን ግን ልጠላው አልቻልኩም። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸው ያናድደኛል።

ለጥያቄዎችሽ መልሱ ይኸው። ተራ ቁጥርሽን ትቼዋለሁ፤ ገደል በተራ ቁጥር አይወረድም። እንደሚወረድበት እጽፋለሁ፤ አንቺም እንደሚወረድበት አንብቢው።

ከባሕር ዛፉ ስትነሺ ሜዳው ጤፍ ነው። በዚህ ወር ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከሸለቆው ይነሣና ማሳው ድረስ ይመጣል። አጫጆቹ እስከ ደረታቸው ይሰወራሉ፤ ራሳቸው ብቻ በነጭ ውሃ ላይ ሲሄድ ይታያል። ሰባ ዘጠኝ ዓመት አይቼዋለሁ፤ አሁንም ሰዎች መሆናቸውን የማምነው ሲሳሳቁ ስሰማ ነው። አፋፉ ላይ ስትደርሺ ምድር ያልቃል። ማዶ ያለው ተራራ ጠዋት ሩቅ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ቀርቦ ይቆማል፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ደግሞ እጅሽን ብትዘረጊ የምትነኪው ይመስላል።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ስላየሽው ጥቁር፣ እንደ ብርጭቆ የሚያበራ ድንጋይ ጠይቀሻል። እሳተ ገሞራ አይደለም። የብረት ዝቃጭ ነው። ባለ እጆች ቀዩን አፈር በከሰል አቅልጠው ብረቱን ሲወስዱ የተረፈው ነው። ማረሻችን፣ ማጭዳችን፣ መጥረቢያችን ከዚያ ወጣ። አገሩም ማረሻውን ከእጃቸው እየተቀበለ «ቡዳ» ብሎ ይሸሻቸው ነበር። ሰሌዳሽ ላይ ስለነሱ አንድ ፊደል የለም። የመጨረሻው የሺዋስ ይባል ነበር። የወፍጮዬን የብረት ዘንግ የቀጠቀጠው እሱ ነው። ቤቱ ገብቼ በላሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእቴናት በቀር ከእኔ ጋር ማዕድ የቆረሰ ሰው አልነበረም። የእሱን ስም ሳትጽፊ የእኔን እንዳትጽፊ።

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ያለው ክብ ጉድጓድ የእህል ጉድጓድ አይደለም፤ የኖራ ምድጃ ነው። ነጩን ድንጋይ ሦስት ቀን ያቃጥሉት ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ግንብና የወንዙ ድልድይ በዚያ ኖራ ተያይዘዋል። በልጅነቴ ምድጃው ሲነድ ከሸለቆው የሚወጣውን ጭስ አይቼ ደመና የሚሠራው እዚያ ነው ብዬ አምን ነበር። ማንም አላረመኝም።

ከዚያ በታች ቦዩ አለ። ሁለት በጋ ቆፈርኩት። መለኪያ አልነበረኝም፤ ጣባ ሙሉ ውሃ መሬት ላይ አስቀምጥና ወዴት እንደሚያዘነብል አይ ነበር። አሸንዳው አንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ውሃው በአሸንዳው ወርዶ የእንጨት መዘውሩን ይመታል፤ መዘውሩ ዘንጉን፣ ዘንጉ የላይኛውን ድንጋይ ያዞራል። ማን አስተማረዎት ብለሻል። አንድ መንገደኛ መነኩሴ ሩቅ አገር ያየውን ወፍጮ አመድ ላይ በጣቱ ሣለልኝ። ሥዕሉ ግማሽ ሲሆን ነፋስ መጣ። የቀረውን በሕልሜ አየሁት። ሕልም አልፈታም፤ ያየሁትን ግን እሠራለሁ።

ወፍጮው ከቆመ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ውሃው ለላይኞቹ ማሳ ተጠለፈ፤ ሰውም በናፍጣ ማስፈጨት ለመደ። ታዲያ በየቀኑ ወርደው ለምን ይወቅሩታል ብለሻል። ያልተወቀረ ድንጋይ ይተኛል። ይኸው ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። ሰጪውን አንቺ ባትነግሪኝም አውቄዋለሁ። ሉማሜ የናፍጣ ወፍጮ ያለው ዓለምነው ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ባገኘኝ ቁጥር «አያ ጀምበሩ፣ ድንጋይዎ እህል ሳይፈጭ በመሮ ተፈጭቶ አለቀ» እያለ ሰው ያስቅብኛል። እቴናት «እሱ አይደለም፤ ተወው» ትላለች። ለሰው ሁሉ ደግ ናት፤ ስለዚህ ምስክርነቷን አልቀበልም።

ጀምበሩ እንዳላማው


አዲስ አበባ፣ ጥር 6 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ ጀምበሩ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ። ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት። የምኖርበት ክፍል መስኮት የሚያየው የሲሚንቶ ግድግዳ ነው፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ግን ግድግዳው ጉም ይለብሳል። ሰሌዳዎቹን በራስዎ ቃል እጽፋቸዋለሁ። የየሺዋስ ስም መጀመሪያ ይገባል።

አቶ ዓለምነው አይደሉም። ይህን ያህል ብናገር መሐላዬ የሚፈርስ አይመስለኝም። እባክዎ እሳቸውን አያስቀይሙ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ባለፈው ክረምት ገደሉ ውስጥ ወድቀው እንደነበር፣ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰው እንዳላገኘዎ ሰምቻለሁ። እውነት ነው? በደብዳቤዎ አንድም ቦታ አላነሡትም። አሁን ጉልበትዎ እንዴት ነው? ስለ እትዬ እቴናት ደግሞ «ደህና ናት» ብቻ ብለው አለፉ። እንደምን እንደሆኑ በደንብ ይንገሩኝ፤ ያሳስበኛል።

ሄለን


አፋፍ ማርያም፣ ጥር ፲፬ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.

ለመምህርት ሄለን

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ዘግይቷል። በጥምቀት ዕለት፣ ታቦቱ በወረደበት ሜዳ፣ ዓለምነውን በሰው ፊት አነጋግሬዋለሁ። የተባባልነውን ሳላሳንስ እጽፍልሻለሁ።

«ዓለምነው፣ ድንጋዬን ለማን ሰጠኸው?» አልኩት።

«መቀመጫ ሆነ አሉ። ሄደው ይቀመጡበት እንጂ፤ ደክመዋል» አለኝ።

«ሌባ!» አልኩት።

«አያ ጀምበሩ፣ እኔ የሚፈጭ ወፍጮ ያለኝ ሰው ነኝ። የማይፈጭ ድንጋይ ሰርቄ ምን ላደርገው ነው? አንገቴ ላይ ላስረው?»

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሽማግሌዎች ገብተው አራራቁን። ሚስቱ ምሥራቅ ግን አልቅሳለች አሉ፤ በታቦት ፊት ባልሽ ሌባ ተባለ መባል ቀላል አይደለምና።

አይደሉም ብለሻል። እሱ ካልሆነ ማን እንደሆነ ንገሪኝ። ካልነገርሽኝ እሱ ነው።

ድንጋዩ ተገልብጦ ፊቱ ወደ ምድር ሆኗል፤ ሄጄ አየሁት። ለዚህ አመሰግናለሁ። ቦታው ግን ያ አይደለም።

ስለ መውደቄ የጠየቅሽው አይመለከትሽም። እውነት ነው። ሐምሌ ነበር፤ የቁልቁለቱ ድንጋይ አዳለጠኝና ወደቅኩ። እቴናት ናት ያገኘችኝ። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ዕድሜዋ፣ ቁልቁለቱን በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ወርዳ። ሳምንት ሳይሞላኝ እንደገና ወረድኩ። ደህና ናት ስልሽ ደህና ናት።

የቆረጥኩትን ልንገርሽ። ነገሩን በግዝት አወጣዋለሁ። እሑድ ጥር ፳፮ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን አባ ዘመንፈስቅዱስ በሕዝብ ፊት ይገዝቱልኛል። ድንጋዩን የሰጠው ሰው ወጥቶ እስኪናገር ድረስ ከቅዱስ ቁርባን የተከለከለ ይሆናል፤ ሳይናገር ቢሞትም ፍትሐት አይደረግለትም። አባ «ጀምበሩ፣ ለድንጋይ ይህን ያህል?» አሉኝ። «አባ፣ ድንጋይ አይደለም፤ ሕይወቴ ነው» አልኳቸው። እምቢ ብለው ቆዩ፤ እኔም ሦስት ቀን ደጃቸው ቆየሁ፤ በመጨረሻ እሺ አሉ።

እቴናት ስትሰማ ጥጥ እየፈተለች ነበር። እንዝርቱ ቆመ። «ግዝት እንደ እሳት ነው፤ የማን ጎጆ እንደሚይዝ አይታወቅም። ተው» አለች። «ያልሰጠ ሰው ምን ያስፈራዋል?» አልኳት። ጥጧን ይዛ ተነሥታ ወጣች።

አሁን አሁን ጎህ ሊቀድ ሲል አንድ ነገር አያለሁ። ድንጋዩ ቦታው ላይ ሆኖ ይዞራል፤ ከሥሩ የሚወጣው ግን ዱቄት አይደለም፣ ጉም ነው። ጉሙ በበሩ ይወጣል፣ ሸለቆውን ይሞላል፣ አፋፉን ያልፋል፣ ጤፉን ይሸፍናል። ስነቃ እጄ መሮ እንደያዘ ተጨብጧል። ሕልም አልፈታም ብዬሻለሁ። ስለዚህ አንቺም አትፍቺው።

ጀምበሩ እንዳላማው


አዲስ አበባ፣ ጥር 23 ቀን 2011 ዓ.ም.

አባባ ጀምበሩ

እባክዎ ግዝቱን ያስቀሩት።

ይህን ደብዳቤ መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ቀኔ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እየዞርኩ፣ መሐላዬ የቱ ጋ እንደሚያልቅ ሳሰላስል ቆየሁ። ዛሬ አንተነህ መኪናው ተበላሽቶ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ እነሣለሁ አለኝ፤ ሁለቱን ቀን በማቆየቴ ራሴን ረገምኩ። ለማኅበሩ ደውዬ በሰው እንዳላስነግርዎ ነገሩ አደባባይ ይወጣል ብዬ ፈራሁ፤ ከእሑድ በፊት እንዲደርስዎ እየጸለይኩ ነው።

መሐላዬን ሳላፈርስ የምችለው ይህን ያህል ነው። ያ ሰው ሊያነጋግረኝ በመጣ ጊዜ ስለ ድንጋዩ ብዙም አልተናገረም። የተናገረው ስለ ገደሉ ነው፣ ስለ ሐምሌ ዝናብ፣ ስለ እርስዎ ጉልበት። ድንጋዩን የሰጠን እርስዎን ሊጎዳ አይደለም። ግዝቱ ከተነገረ ግን የሚያገኘው ያንን ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ግዝትን እንደ ቀልድ የሚያልፍ ሰው አይደለም።

እባክዎ፣ አባባ። እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ።

ሄለን


አፋፍ ማርያም፣ የካቲት ፲፰ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.

ለሄለን

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ጥር ፳፰ ደረሰኝ። ግዝቱ እሑድ ተነግሯል።

ሳትሰሚው እንዳይቀር በተራ ልጻፍልሽ። አባ መስቀላቸውን ይዘው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙ። ዓለምነው ፊት ለፊት ቆሞ ነበር፤ ቃሉ ሲነገር አንገቱን ቀና አድርጎ ትክ ብሎ አየኝ። ማንም አልወጣም። አባ «አሜን በሉ» አሉ፤ ሰዉ አሜን አለ። እኔ ከሁሉም ጮክ ብዬ አልኩ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ተናደድኩ። የተናገርሽው አልገባኝም፤ ወይም እንዲገባኝ አልፈቀድኩም። አጥፌ ዳዊቴ ውስጥ ከተትኩት።

እኔና እቴናት በቁርባን የተጋባን ነን። ልጅ አልወለድንም። በየእሑዱ፣ ከታመምንበት ቀን በቀር፣ አብረን እንቆርባለን። እሷ በሴቶች በር፣ እኔ በወንዶች በር ገብተን፣ ከቁርባን በኋላ ግራሩ ሥር እንገናኝና አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ እኔም በጋቢዬ፣ ሳንነጋገር ወደ ቤት እንሄዳለን። ይህ እንደ ወንዙ ነው፤ ስላለ አይታሰብም።

የካቲት ፫ እሑድ «እግሬን አሞኛል፤ አንተ ሂድ» አለችኝ። ሄድኩ። የካቲት ፲ «ዛሬ ማለዳ ውሃ ቀምሻለሁ» አለችኝ። እሷ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ ቀምሳ አታውቅም። ትናንት ደግሞ አብራኝ መጣች፤ ነጭ ለብሳ፣ ከእኔ ኋላ። እኔ ገባሁ። በቅዳሴው መካከል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዞር ብዬ በበሩ ወደ ውጭ አየሁ። እቴናት አልገባችም። ከቅጥሩ በር ውጭ፣ ከግንቡ ጥግ ቆማለች። ግንባሯን ኖራው ላይ አድርጋለች። ጠዋቱ ጉም ነበር። እሷም ነጭ፣ ግንቡም ነጭ፣ ጉሙም ነጭ፤ የማየው እጇን ብቻ ነበር፤ የግንቡን ድንጋይ ይዛ።

እኔም አልቆረብኩም።

ግራሩ ሥር ተገናኘን። አፏን ሸፍና ነበር፤ እንደ ቆረበ ሰው። እኔም ሸፈንኩ። ወደ ቤት ሄድን። አልጠየቅኳትም። ቤት ስደርስ ዳዊቴን ከፍቼ ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት። ስለ ገደሉ፣ ስለ ሐምሌ ዝናብ፣ ስለ ጉልበቴ።

ገብቶኛል። አንቺ አልነገርሽኝም፤ መሐላሽ አልፈረሰም። ድንጋዩን የሰጠቻችሁ እቴናት ናት። እኔም የገዛ ሚስቴን በአደባባይ አስገዝቻለሁ።

ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። ለምን አልተናገረችም? ወጥታ እኔ ነኝ ብትል ግዝቱ በዚያው ሰዓት ይፈታላት ነበር። ነፍሷን አስይዛ ለምን ዝም አለች? የምታውቂ ከሆነ ጻፊልኝ። እሷን አልጠይቅም። መጠየቅ አልችልም።

ጀምበሩ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

አባባ ጀምበሩ

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ፤ አንተነህ ተመላሽ ነኝ ስላለኝ ይህን ቆሜ እየጻፍኩ ነው።

ድንጋዩ ከመወሰዱ በፊት፣ ገና እዚያ ሳስተምር፣ እትዬ እቴናት ሉማሜ ድረስ በእግራቸው መጥተው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ። ሻይ ቤት ወሰድኳቸው፤ ሻዩን አልነኩትም። «እሱ ወፍጮውን አይተውም» አሉኝ፤ «ወፍጮው ይተወው።» እኔም «ለምን ራስዎ አይነግሯቸውም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁና «የኔ ልጅ፣ ወንዙን ወደ ላይ ፍሰስ ብዬ ነግሬው አውቃለሁ፤ ከጀምበሩ ይልቅ እሱ ሊሰማኝ ምንም አልቀረው» አሉ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «በዚያ ቀን እየወረድኩ ሬሳውን ነበር የምፈልገው። ዳግመኛ ሬሳውን ልፈልግ አልወርድም።»

እርስዎ የጠየቁኝን፣ ለምን ዝም እንዳሉ፣ እሳቸው አልነገሩኝም። እኔ ግን እንዲህ ይመስለኛል። እሳቸው «እኔ ነኝ» ቢሉ ድንጋዩ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ድንጋዩ ከተመለሰ እርስዎ ይከተሉታል።

ሄለን


አፋፍ ማርያም፣ መጋቢት ፫ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.

ለልጄ ለሄለን

ከተለየሽን ጀምሮ እንደምን ከረምሽ? ትምህርቱስ፣ ብርዱስ፣ ያ የሲሚንቶ ግድግዳሽስ? እኛ ሁለታችንም ደህና ነን፤ በደንብ ደህና ነን። እቴናት «ጾሙን ስትፈቺ ነይ፤ ዶሮው ይጠብቅሻል» ብላለች። እኔም ነይ ብያለሁ።

የሆነውን አንድ ጊዜ እጽፋለሁ።

የካቲት ፳፬ እሑድ፣ ጾሙ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሴ ሲያልቅ አባን አስፈቅጄ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆምኩ። ሌሊቱን ምን እንደምል አስቤ ነበር። ውሸት አልናገርም፤ ተናግሬ አላውቅም። እንዲህ አልኩ። «ወገኖቼ፣ የሰንበሌጥ ወንዝ ወፍጮ የላይኛው ድንጋይ የእኔ ነበር። ዛሬ በእናንተ ፊት ለመንገዱ ሰጥቻለሁ። የተሰጠ ነገር ሌባ የለውም። አባ፣ ግዝቱን ይፍቱልኝ።»

አባ ዘመንፈስቅዱስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጀምበሩ፣ ሌባው ተገኘ?»

«ሌባ አልነበረም፣ አባ።»

«ታዲያ ማን ነበር?»

«ሰጥቻለሁ አልኩ እኮ።»

ከእኔ ራስ በላይ አሻግረው ወደ ቅጥሩ በር አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ መስቀላቸውን አንሥተው ፈቱት። ሰዉ አንሾካሾከ፤ አንዷ «ድሮም አርጅቷል፤ ራሱ ሰጥቶ ረስቶት ነው» ስትል ሰማሁ። ይሁን። አርጅቶ ነው ይበሉኝ።

በማግስቱ ሰኞ ማልጄ ሉማሜ ሄድኩ። ድንጋይ አንገቴ ላይ ተሸክሜ ዓለምነው ደጅ ቆምኩ፤ የበደለ ሰው እንደሚያደርገው። ወፍጮው እየጮኸ ስለነበር መጀመሪያ አልሰማኝም። ሚስቱ አይታኝ ጮኸች። ዓለምነው ዱቄት እንደለበሰ ወጣና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ይቺን ነው ድንጋይ ብለው የተሸከሙት? እኔ ትልቁን ነበር የምጠብቀው» አለ።

«ትልቁን ስምንት ሰው ነው የሚሸከመው» አልኩት። «በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

ድንጋዩን ከአንገቴ አወረደው። ቤት አስገባኝ። ስወጣ «አያ ጀምበሩ፣ ዘንድሮ የእኔም ድንጋይ ዶልዱሟል፤ አወቃቀሩን የሚያውቅ ሰው ጠፋ» አለ። ከእንግዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ሉማሜ እሄዳለሁ። መንገዱ ሜዳ ነው። ገደል የለበትም።

ከየካቲት ፳፭ ጀምሮ የታችኛውን ድንጋይ ለማየት እንኳ ወደ ወንዙ አልወረድኩም። አፋፉ ላይ እቀመጣለሁ። ከዚያ ላይ ውሃው ይሰማል። ጠዋት ጉሙ ሲወጣ ወደ ላይ የሚመጣው ሸለቆው ራሱ ይመስለኛል፤ እኔ አልወርድ ስል እሱ ወደ እኔ የሚወጣ። እቴናት አልፎ አልፎ መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች። ለምን አትወርድም ብላ አልጠየቀችኝም።

መጋቢት ፩ እሑድ አብረን ቆረብን። ግራሩ ሥር ተገናኝተን አፋችንን ሸፍነን ወደ ቤት ሄድን። ቤት ደርሰን ውሃ ከጠጣን በኋላ «ደመናው ዝናብ ያዘለ ነው» አለች። «ያዘለ ነው» አልኳት። ከዚህ ሌላ አልተነጋገርንም።

እንደማውቅ ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። አላጣራም። አንቺም እንዳትነግሪያት፤ መሐላ አላስገባሽም፣ ቃልሽ ይበቃኛል።

ስለ ብረቱ፣ ስለ ኖራው፣ ስለ ቦዩ የፈለግሽውን ያህል ጠይቂኝ፤ እመልሳለሁ። ድንጋዩን ማን ሰጠ ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ቢመጣም «ጀምበሩ ሰጠ» በሉ። በአደባባይ የተናገርኩት ስለሆነ እውነት ነው። ከዚያ በፊት ስለነበረው ግን ዛሬ በዚህ ወረቀት አበቃሁ። ለአንቺም፣ ለንስሐ አባቴም፣ ለእሷም፣ ሞት ቀርቦ ቢጠይቀኝም አንዲት ቃል አልናገርም።

ጀምበሩ እንዳላማው